የዮጋና የተመስጦ መተግበሪያ ለእኛ እንዲመች
(ከጤና ንዑስ ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ "ወገባችንን የሚያመን፣ እንቅልፍ ያጣን ብዙ ነን፤ ስልክ ላይ ያሉትን የዮጋና የተመስጦ መተግበሪያዎች ሞክሩና የሚሆነውን ንገሩን" ብላችሁን ነበር። ለአንድ ዓመት ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ከለጋሾቻችን ተገኝቷል፤ ስለዚህ ዛሬ የምንለው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውንም ይነካል። ሰባት ሆነን ለሁለት ወር ሞከርን። ከመካከላችን እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጥልፍ ሠሪዎችና አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ።

ስለ እምነት የጠየቃችሁን አላችሁ። ዮጋ ከህንድ ጥንታዊ የሃይማኖት ልማድ የመጣ ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። እኛ የወሰድነው ሰውነት ማፍታታቱንና የአተነፋፈሱን ሥርዓት ብቻ ነው። የማይመቻት አትሥራ፤ ማንም አይወቅሳትም።

ንድፍ ስንል ቀለምና ሥዕል ማለታችን አይደለም። ሴትየዋ ስልኩን ካነሣችበት ጀምሮ እስክታስቀምጠው ድረስ የሚያጋጥማት ሁሉ ነው፤ ባለሙያዎቹ የተጠቃሚ ልምድ ይሉታል። ካልም የተባለውን ታዋቂ መተግበሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ከመሠረቱት አንዱ አሌክስ ቲው፣ ከዚያ በፊት ለሁለት ደቂቃ ምንም አለማድረግን የሚጠይቅ ገጽ ሠርቶ ነበር። የባሕር ምስልና የማዕበል ድምፅ አለው፤ ማውዝ ወይም ኪቦርድ ከተነካ ቆጣሪው እንደገና ይጀምራል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። እኛ ከሞከርናቸው በአንዱ ግን ዝም ብለን ከመቀመጣችን በፊት 11 ገጽ ማለፍ ነበረብን፤ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ ስለ ስሜታችን ጥያቄ፣ በመጨረሻም የባንክ ካርድ። "ነጻ ሙከራ" የተባለው ቀኑ ሲያልቅ ካልሰረዝነው በዶላር ያስከፍላል። በዶላር የሚከፍል ካርድ ከመካከላችን ስንቷ አላት? "ዝለል" የሚለው ቁልፍም አለ፤ ነገር ግን በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖረው ይጠይቃል። መነጽር ለምናደርገው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዮጋው ላይ ደግሞ ትልቁ ችግር ዓይን ነው። መዳፋችንንና እግራችንን መሬት ላይ አድርገን ዳሌያችንን ወደ ላይ ስናነሣ ስልኩን ማየት አንችልም። ቪዲዮው ግን "እንዲህ አድርጉ" ብሎ ዝም ይላል። ለማየት የምትጠመዘዝ ሴት ወገቧን ላድን ስትል አንገቷን ታሳምማለች። ጥሩ መመሪያ ጀርባችንን ብንሰጠውም የሚሠራ ነው፤ የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን፣ ስንት ትንፋሽ እንደምንቆይ ሁሉንም ድምፁ ይናገር። ደም ግፊት ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንበትን እንቅስቃሴ ከመሞከሯ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት። ግፊት ያለባት አንዲት አባላችን ራሷን አዙሯት ቁጭ አለች። ማስጠንቀቂያውን ፈልገን ያገኘነው ማንም በማያነበው ረጅም የውል ጽሑፍ ውስጥ ነው። ነርሷ በዚህ በጣም ተቆጥተዋል፤ እኛም።

ከሁሉ በላይ የተከራከርነው ድምፁ እንዴት ይጥራን በሚለው ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሁሉንም ያዳርሳል፤ አማርኛ ግን ያስመርጣል። "ተንፍሺ" ለወጣቷ ይስማማታል፤ የ70 ዓመት እናት ግን በማያውቁት ድምፅ አንቺ መባሉ ይከነክናቸዋል። "ይተንፍሱ" ደግሞ ክሊኒክ የገባን ያስመስለናል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ያየነው አንድ መመሪያ "ዓይንህን ጨፍን" ሲለን ሳቃችን መጣና ተመስጦው በዚያው ቀረ። በመጨረሻ ቡና ላይ እንደምንነጋገረው "እስቲ እንቀመጥ፣ ትከሻችንን እናውርድ፣ አየር ወደ ውስጥ እንሳብ፣ ቀስ ብለን እናስወጣ" እንዲሆን ተስማማን። ለሁሉም ይሆናል፤ ትእዛዝም አይመስልም።

ብዙዎቹ በተከታታይ የተሠራበትን ቀን ይቆጥራሉ። 19 ቀን የደረሰች አባላችን ጎረቤቷ ሐዘን ደርሶባት ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ዋለች። ስትመለስ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ጠበቃት። ለቅሶ መድረስ እንደ ስንፍና የሚቆጠርበት ተመስጦ ምን ዓይነት ተመስጦ ነው? ቆጣሪ ካስፈለገ "እስካሁን 19 ጊዜ ተቀምጠናል" ይበል፤ ይበቃል።

"ዛሬ ምን ይሰማሻል?" የሚለው ጥያቄም አለ። ሞዚላ ፋውንዴሽን በ2022 የአእምሮ ጤናና የጸሎት መተግበሪያዎችን ሲመረምር ከ32ቱ በ28ቱ ላይ የግል መረጃ አያያዝ ማስጠንቀቂያ አድርጎባቸዋል። ለእኛ የቅርቡ አደጋ ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ስልኩን ልጅም ባልም ያነሣዋል። ማታ "አዝኛለሁ" ብላ የመዘገበችው ጠዋት ስክሪኑ ላይ ብቅ ቢል ማን ያነበዋል?

ሐሳባችን የዓመቱ ክፍያ ይቅር የሚል ነው። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለት እህቶቻችን የእንቅልፍ ተረቱን ስለወደዱት በዚህ አልተስማሙም፤ እነሱም ይናገራሉ። ሌሎቻችን ግን ገንዘቡ ለአሥር አጫጭር የአማርኛ ድምፅ ቅጂዎችና እንቅስቃሴዎቹን ለሚመረምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዋል እንላለን። በ64 ኪሎቢት የተቀረጸ የአምስት ደቂቃ ንግግር 2.4 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ቪዲዮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበላል። በቴሌግራም አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይደመጣል፤ ስምም ስሜትም አይጠይቅም።

ሦስት የሙከራ ቅጂዎች ተዘጋጅተዋል። በአንዱ ላይ በር ሲንኳኳና ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል፤ ቤታችን እንደዚያ ስለሆነ ሆን ብለን ተውነው። ከሻይ በኋላ እናሰማችኋለን፤ የትኛው እንደሚሻል እጅ በማውጣት ትነግሩናላችሁ። መነሣትና መጎንበስ ስላለበት፣ ነርሷ አስቀድመው ግፊት ለመለካት በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።