የእቁባችን እምነት ከባንክ ደጃፍ ለምን ይመለሳል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ በታክሲ ነጂ አባላት ስም የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)



  ከመካከላችን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ጀምረን ሳንጨርስ ከአገር የወጣን ጥቂቶች አይደለንም። ዛሬ የምንናገረው ግን ከደብተር ሳይሆን ሜልበርን ውስጥ መሪ ይዘን ካየነው ነው።

የመረጥነው ርዕስ፣ ከአፍሪካ የመጣን ሰዎች ወገንን ለመጥቀም ብለን የምንጀምረው ሥራ ለምን አያድግም የሚል ነው። እዚህ አገር «ሶሻል ኢንተርፕራይዝ» ይሉታል። እንደማንኛውም ንግድ ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ትርፉ ግን በአብዛኛው ሥራ ላጣ ወጣት፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት፣ ለአዲስ መጪ የሚውል ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ካገኙት አዋጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። እኛም ስንሰደድ እድራችንንና እቁባችንን ይዘን መጥተናል። ፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ በእቁብ ገንዘብ የተከፈተ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። መጀመር አላቃተንም። የሚያቅተው ማደግ ነው።

ለምን? ከገዛ ሥራችን ምሳሌ እንውሰድ። በ2010 አካባቢ አንድ የሜልበርን የታክሲ ፈቃድ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። መያዣ የሚሆን ቤት ያለው ሰው ተበድሮ ገዛ። እኛ ደግሞ በሰው ፈቃድ እየነዳን፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሰበሰብነው ግማሹን ይዘን እንገባ ነበር። በ2014 የነጂው ድርሻ ቢያንስ 55 ከመቶ እንዲሆን ተደረገ። በ2017 በወጣው ሕግ የቀድሞው ፈቃድ ሲቀር፣ መንግሥት ለባለፈቃዶች ለመጀመሪያው ፈቃድ 100,000 ዶላር፣ ከዚያ በላይ እስከ ሦስት ላሉት ለእያንዳንዱ 50,000 ዶላር ከፈለ። በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ ነገር ግን ሲከፈት ከውስጥ የነበረው ሀብት አልነበረም። ገንዘብ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል የሚባለውን በዓይናችን ያየነው ያኔ ነው።

ለወገን የሚሠራው ንግድም የሚቆመው እዚያው መያዣው ጋ ነው። እናቶቻችን ተሰባስበው እንጀራ እየጋገሩ ለሥራ ፈላጊ ልጆች ሙያ ሊያስተምሩ አሰቡ እንበል። ወጥ ቤቱን በማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ ይቻላል፤ ይህ ከባድ አይደለም። ቤቱን ለመከራየት ግን አከራዩ የባንክ ዋስትና ይጠይቃል። ባንኩ የብድር ታሪክ ይጠይቃል። አሥር ዓመት አንድም ዙር ሳያጓድሉ እቁብ የከፈሉ እናት በባንኩ መዝገብ ላይ ታሪክ የሌላቸው ሰው ናቸው። ዳኛውና ጸሐፊው የሚመሰክሩላቸው ለእኛ እንጂ ለባንኩ አይደለም።

ሁለተኛው እንቅፋት የሕግ ቅርጻችን ነው። በቪክቶሪያ ሕግ እንደ እኛ ያለ የተመዘገበ ማኅበር ትርፍ ለአባላቱ ማከፋፈል አይችልም። ይህ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን አክሲዮን አድርጎ ሊያስገባ ለሚፈልግ ሰው ቦታ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ በመዋጮና በመንግሥት ድጎማ እንኖራለን። ድጎማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ፕሮግራም እንጂ ለምድጃና ለመኪና አይሰጥም።

ሦስተኛው ገበያው ነው። እርስ በርስ ብቻ እየተሻሻጥን የት እንደርሳለን? ትልቁ ገዢ መንግሥት ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የቪክቶሪያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዢ ሲፈጽሙ ለማኅበረሰብ ጥቅም የሚሠሩ ድርጅቶችን እንዲያስቡ የሚያዝ መመሪያ አለ። ጨረታው ውስጥ ለመግባት ግን የተመረመረ ሒሳብ፣ የምስክር ወረቀት፣ ብዙውን ጊዜም 20 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ወረቀቱን የሚሞላው ሰው ቀን ሠርቶ ማታ የሚሰበሰበው የኮሚቴ አባል ነው።

አራተኛው ስማችን ነው። በጥር 2018 አንድ የፌዴራል ሚኒስትር የሜልበርን ሰው «የአፍሪካ ወሮበሎችን» ፈርቶ ማታ ምግብ ቤት መሄድ ትቷል ብለው በሬዲዮ ተናገሩ። እኛ በእነዚያ ሌሊቶች ሰውን ከምግብ ቤት ወደ ቤቱ ስናደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ንግግር ያልፋል፤ ለልጆቻችን ሥራ የሚሰጠውን ሰውና ብድር የሚፈቅደውን ሰው ግን ጥርጣሬ ውስጥ ጥሎ ያልፋል።

ወገኖቻችን፣ መውጫ የለም እያልን አይደለም። በዚሁ በቪክቶሪያ ሩፓንያፕና ሚንዪፕ የሚባሉ የገበሬ ከተሞች አሉ። ባንኮች ቅርንጫፋቸውን እየዘጉ ሲሄዱባቸው፣ ነዋሪዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ከቤንዲጎ ባንክ ጋር ተዋውለው በ1998 የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ባንክ ከፈቱ። ያደረጉት ነገር የእኛን እቁብ ይመስላል። ልዩነቱ እርስ በርስ የነበራቸውን እምነት ሌላው ሰው ሊያነበው በሚችል ወረቀት ላይ ማስፈራቸው ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በዚህ አገር ሕግ አምስት ሰው የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ አክሲዮን ይሸጣል፣ ድምፅ ግን ለአንድ ሰው አንድ ነው። ማኅበራችን እንደ እናት ሆኖ አንድ እንዲህ ያለ ድርጅት ይውለድ፤ ሥራውም በእናቶቻችን ወጥ ቤት ይጀመር። ሁለተኛ፣ ፈቃደኛ የሆኑ እቁቦች ክፍያቸው በባንክ በኩል ይሁን፣ መዝገባቸውም ይያዝ። ሦስተኛ፣ እዚህ አድገው ሒሳብና ሕግ የተማሩ ልጆቻችን ጨረታውን ያንብቡልን፣ ለድካማቸውም ይከፈላቸው።

ለአዳራሽ መግዣ ያዋጣነው ገንዘብ አይነካ የሚሉ አባቶቻችን ስጋታቸው ይገባናል። የእያንዳንዱ ዶላር ላብ ስንት እንደሆነ እናውቃለንና። የምንጠይቀው የአዳራሹን ገንዘብ አይደለም። ፈቃደኛው በራሱ አክሲዮን ይግባ፤ ከማኅበሩ የምንሻው ስሙንና የአሥር ዓመት የተመረመረ ሒሳቡን ነው። ካለን ሀብት ሁሉ ባንክ ሊያነበው የሚችለው እሱን ነውና። ዛሬ ካልተጠቀምንበት ልጆቻችን አዳራሽ ይወርሳሉ፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ግን አይወርሱም።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። እምነቱ አለን፤ እንጻፈው።

መጪው አሥር ዓመት የሥራና የፍቅር ይሁንልን።