ልጆቻችሁን መጀመሪያ የት ትወስዳላችሁ?

ባሕር ማዶ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታመጡ ነው? በአንድ ሳምንት ላሊበላንም፣ አክሱምንም፣ ሐረርንም ላሳይ ማለት ያጓጓል። የሚተርፈው ግን የመንገድ ድካም ነው። የእኔ ምክር፦ ለዚህ ጉዞ ጎንደርና ስሜን ይበቃሉ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ነበር። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች የሚገኙበት ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለ። ከጎንደር እስከ ፓርኩ መግቢያ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከተማው ውስጥ ከቤተ መንግሥቶቹ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አትለፉ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች ልጆቹ ቀና ብለው እስኪጠግቡ ይዩ፤ አታጣድፏቸው። ለጥምቀት ከሆነ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ደባርቅ ላይ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ ከጠባቂ ጋር ግቡ። ጭላዳ ዝንጀሮ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር አካባቢ ሣር ሲነጭ ይታያል፤ ዋልያ ለማየት ግን እስከ ጨነቅ መዝለቅ ይሻላል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምድሩ ለምለም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። የሌሊቱ ብርድ ስለሚያንቀጠቅጥ ጋቢ አይረሳ።

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ መንገዱ ፀጥታ እዚያው ያለ ዘመድ ጠይቁ።