የምትታቀፍ ዶሮ ቀለብ
(በመካነ ሰላም ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአገራችን ዶሮ ሲታቀፍ ሁሉም የሚቆጥረው 21ዱን ቀን ነው። የጫጩቱ ዕጣ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እናቲቱ እንቁላል ከመጣሏ በፊትና በምትጥልበት ወራት በበላችው ይወሰናል። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ሽል ምግቡ ሁሉ እርሷ ያኖረችለት ብቻ ነውና።

በታኅሣሥና በጥር ከአውድማ የምትለቅመው ገብስና ስንዴ ኃይል ይሰጣታል፤ ሥጋ ገንቢው ምግብና ልምላሜው ግን ይጎድላታል። በክረምት ትሉንና ቅጠሉን ራሷ ታገኝ ነበር፤ በበጋ እኛ መተካት አለብን። በእህሏ ላይ ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ይታከልላት፤ በየቀኑም ጎመን ይቆረጥላት። የቅጠሉ ቫይታሚን ሲጎድል ሽሉ እንደ ታቀፈ ይሞታል፤ ቢፈለፈልም እግሩ የማይጸና ይሆናል። ለቅርፊቱ ጥንካሬ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ በምጣድ ተቆልቶ፣ እንደ ዱቄት ተወቅጦ ይሰጣት፤ ሳይደቅ ከተጣለላት የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። የሻገተውን እህል «ለዶሮ መቼ ያንሳል» እያልን መስጠታችን ግን ቢቀር መልካም ነው፤ ሻጋታ ጉበቷን ይጎዳል።

የዐቢይ ጾም ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በእነዚያ 55 ቀናት እንቁላል አይበላም፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ሁሉ ይታቀፋል። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። በተጣለበት ዕለት በከሰል ምልክት ይደረግበት፤ የመጨረሻዎቹ ይታቀፉ፤ የቀደሙት ገና ለጾም ላልደረሱ ሕፃናት ይሁኑ። ሕፃናቱ ከጫጩቱ ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ለፋሲካ ደግሞ ግርማ ያለው አውራ ዶሮ ለገበያ ይወጣል፤ ለዘር የሚቀረው ቀጫጫው ነው። ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ የሌለበት ፋሲካ ማን ይወድዳል? ነገር ግን ለ10 ያህል ዶሮዎች አንድ ጥሩ አውራ ይበቃልና ጎረቤታሞች ተስማምተው አንዱን ያስቀሩ። አውራውም መኖ ይፈልጋል፤ የከሳ አውራ ዘሩ ደካማ ነው።

ለችግረኛ እናቶች ዶሮ ለመግዛት ያሰባችሁ ኮሚቴዎች፣ ከዶሮዋ ዋጋ ጋር የፈንግል ክትባቷንና ቢያንስ የአንድ ወር ቀለቧን አብራችሁ በጀት ያዙ። ገንዘቡ ካልበቃ የዶሮዎቹ ቁጥር ይቀነስ እንጂ ቀለቡ አይቀነስ።