ቤትን ለልደት በዓል እንደ ቀድሞው ስለ ማስጌጥ



የልደት በዓል ሲቃረብ አንዲት እናት፥ «የሚያብለጨልጭ ዛፍ መግዣ ስላጣሁ ዘንድሮ ቤቴ በዓል አይመስልም» ብላ ስታዝን ሰማሁ። ዛሬ ልናገር የተነሣሁትም ስለዚህ ነው።

በመብራት የተሸለመ ዛፍ ማቆም ከጀርመን አገር ተነሥቶ የተስፋፋ ልማድ ነው፤ የቻለ ሰው ቢያቆመው አልነቅፍም። ነገር ግን የአባቶቻችን ቤት ያለ ዛፍ ያምር ነበር። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተጾመው ጾም ሊፈጸም ሲል እናቶች ወለሉንና መደቡን በእበት ይለቀልቁ፥ ግድግዳውን በነጭ አፈር ይቀቡ ነበር። ለታኅሣሥ 29 ቀን ከወንዝ ዳር የታጨደ ርጥብ ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ የጥጥ ፈትል በሰም ተለብጦ የተሠራ ጧፍም ይበራል።

የዚህን ጌጥ ምሥጢር እንመልከት። ዛፍ በማዕዘን ቆሞ ይታያል፤ ቄጠማ ግን ከእግር በታች የሚነጠፍ ነውና ሰው ገብቶ ካልረገጠው ጌጥነቱ አይፈጸምም። ባለጸጋውም ድኻውም እኩል ይረግጡታል። በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልተገኘ ጌታችን በግርግም ተኛ፤ እንግዲህ ልደቱን የምናከብር ሰዎች ቤታችንን አስጊጠን ደጃችንን ብንዘጋ ምን ይረባናል?

ስለዚህ ቄጠማ የምትገዙ ሁሉ አንድ እስር ጨምራችሁ ለችግረኛ ጎረቤታችሁ ስጡ፤ ከቤቱም ገብታችሁ አብራችሁ ዳቦ ቁረሱ። ያን ጊዜ ያች እናት ቤቷ በዓል እንደ መሰለ ታያለች።

እግዚአብሔር ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።