የተመራማሪ ስም የሌለባቸው ቡናዎች

አቅራቢ 1፦ ተመራማሪን የሚያተጋው ዝና ነው ይባላል። ጅማ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዝርያዎች ግን 74110ን፣ 74112ን እያቸው፤ የማንም ስም የለባቸውም።

አቅራቢ 2፦ 74ቱ የተመረጡበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974።

አቅራቢ 1፦ ተመራማሪዎቹን ያጣደፋቸው እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ውስጥ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ነበር፤ እንጭጩን ፍሬ የሚያጠቁር ፈንገስ።

አቅራቢ 2፦ ጥድፊያው ዘዴውንም ወሰነ። አዳቅሎ ዓመታት ከመጠበቅ ይልቅ፣ በታመመ ማሳ ውስጥ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈልገው ዘር ወሰዱ።

አቅራቢ 1፦ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታውን መቋቋሙ ሆነ። ጣዕሙስ?

አቅራቢ 2፦ ፍሬው ከጠቆረማ ምኑ ይቀመሳል? እኔ አልፈርድባቸውም።

አቅራቢ 1፦ የአጋሮና የጌራ አድማጮቻችን፣ ማሳችሁ ላይ ያለው የትኛው ቁጥር ነው? ደውላችሁ ንገሩን።