የኬክ ጣዕም ያለው ሻይ እንዴት ይቀመሳል?

አሜሪካም ሆነ አውሮፓ የምትኖሩ ሁሉ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የሻይ መደርደሪያው ፊት ቆም ብላችሁ ከሆነ፣ ከካሞሚልና ከናና ጎን የቫኒላ ክሬም፣ የካራሜል፣ የዝንጅብል ብስኩት ወይም የቸኮሌት ኬክ ሥዕል ያለባቸውን ፓኮዎች ሳታዩ አትቀሩም። ውስጣቸው ኬክ የለም፤ ብዙዎቹ ስኳርም የለባቸውም። በአብዛኛው ከዕፅዋት ቅጠል፣ ሥር፣ ቅርፊትና ፍሬ የተሠሩ ናቸው። እኔ እነዚህን ሻዮች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ብዙ ሰው ግን አንዴ ገዝቶ ከቀመሰ በኋላ «ሽታው ሌላ፣ ጣዕሙ ሌላ» ብሎ ይተዋቸዋል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ምክንያትም አለው።

ምላስ የሚለየው ነገር ጥቂት ነው፤ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ ጨዋማ፣ እንዲሁም በሥጋ መረቅ ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ጣዕም። ቫኒላ ከነዚህ ውስጥ የለም። ቫኒላን የምናውቀው በአፍንጫችን ነው፤ ያውም ስንውጥ ከጉሮሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ በሚወጣው ትንፋሽ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከስኳር ጋር ስለቀመስነው፣ ሽታው ሲደርሰው አእምሯችን ጣፋጭ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ይህን ቤታችሁ ሞክሩት። የካራሜል ሻይ አዘጋጁና አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ አንዴ ፉት በሉ። አፋችሁ ውስጥ ያለው ሞቅ ያለ፣ ምላስን በትንሹ የሚይዝ ውሃ ብቻ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ ጣታችሁን ልቀቁ፤ ካራሜሉ ያኔ ከተፍ ይላል።

ይህ የካራሜል ወይም የክሬም ሽታ ብዙ ጊዜ በደረቀው ተክል ላይ የሚረጭ ነው። ታዲያ ሽታው ከላይ የሚረጭ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚሸከመው ተክል ማን ነው? የሻዩ ጥሩነት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ አምራች የደረቀ ፖምና ከርከዴ ቀላቅሎ የክሬም ሽታ ይረጭበታል። ከርከዴ በራሱ ግሩም መጠጥ ነው፤ ለሎሚ ወይም ለእንጆሪ ኬክ ጣዕምም ይስማማል። ከክሬምና ከካራሜል ጋር ግን አይዋደድም፤ አፍንጫ «ክሬም» ሲል ምላስ «ኮምጣጤ» ይላል።

የነዚህ ሻዮች ትልቁ ባለውለታ ሮይቦስ ነው። ሮይቦስ ከኬፕታውን በስተሰሜን በሴደርበርግ ተራሮች አካባቢ የሚበቅል፣ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ ቀጫጭን ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው። ቅርንጫፉ ታጭዶ ይቆራረጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ውሃ ተረጭቶበት ይከመራል። ክምሩ ውስጥ እያለ አረንጓዴው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጥና ማር ማር ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማር ማር የሚለው ሽታ የራሱ ነው፤ ማንም አልጨመረበትም። ቫኒላ ሲገባበት አብሮት የሚሄደውም ለዚህ ነው። ካፌይን የለውም፤ ሻይን የሚያመርረው ታኒን የሚባል ነገርም ከጥቁር ሻይ ያነሰ ስላለው አሥር ደቂቃ ውሃ ውስጥ ቢቆይ እንኳ አይመርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ከትውልድ ቦታው ጋር አያይዞ መዝግቦ ጥበቃ ሰጥቶታል። ሌላ አገር በቅሎ በዚህ ስም አውሮፓ ውስጥ ሊሸጥ አይችልም።

ከሮይቦስ ቀጥሎ ቺኮሪ የሚባል ተክል የተቆላ ሥርና ካሮብ የሚባል የተቆላ የዛፍ ፍሬ አሉ። ሁለቱም ሲቆሉ ከካራሜልና ከካካዎ ጋር የሚቀራረብ ጣዕም ያወጣሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ሴለስቲያል ሲዝኒንግስ «ቤንጋል ስፓይስ» የሚለውን ሻይ የሚሠራው እነዚህን ከቀረፋ፣ ከዝንጅብል፣ ከሄልና ከቅርንፉድ ጋር ቀላቅሎ ነው። የቅመም ሻይ እየጠጣ ላደገ የአገራችን ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

አሁን ወደ አቀማመሱ እንሂድ። ለአንድ ስኒ፣ ማለትም ለ200 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል። ውሃው በደንብ የፈላ ይሁን። ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ተዉት፤ ክዳን ግን እንዳትረሱ። እኛ ቀረፋና ቅርንፉድ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከፍተን ማንተክተክ ለምደናል። ለቅርፊት ችግር የለውም፤ ለተረጨ ሽታና ለአበባ ግን ጥፋት ነው፤ ቤቱ በሙሉ ይሸታል፣ ስኒው ውስጥ ምንም አይቀርም። ጊዜው ሲደርስ ክዳኑን አንሡና ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለውን ጠብታ አሽትቱት። ሊያመልጥ የነበረው ሽታ እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በማንኪያ ቀድታችሁ በድምፅ ማግ አድርጉት። በቤታችን እንዲህ መጠጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ የሻይ ቀማሾች ግን ሥራቸው ይህ ነው። አየሩ ከሻዩ ጋር ሲገባ ሽታውን ወደ አፍንጫ ጀርባ ይገፋዋል። ብቻ እንፋሎቱ በረድ ሳይል አትቸኩሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀ መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ከጣዕምም አንጻር በጣም የሚያቃጥል ነገር ምላስን ያደነዝዛል።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ሻዩ ሲቀዘቅዝ ነው። ትኩስ ሳለ ሽታው ስለሚተን ሁሉም ያምራል። ግማሹን ስኒ አስቀምጡና ከቀዘቀዘ በኋላ ቅመሱት። በሽቶ ብቻ የቆመ ሻይ ከሆነ ክሬሙ ጠፍቶ ጉምዘት ወይም የመድኃኒት ዓይነት ምሬት ብቻ ይቀራል። ጥሩ ሮይቦስ ወይም ካሮብ ከሆነ ግን የተክሉ ጣዕም እንዳለ ይገኛል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ስኳር አይግባበት፤ ስኳር የደካማውን ሻይ ጉድለት ይሸፍናል። ፍርዱን ከሰጣችሁ በኋላ ግማሽ ማንኪያ ብትጨምሩ አልከለክልም። ወተትም ቢሆን ሮይቦስና ቺኮሪ ይወስዳሉ፤ ከርከዴ ግን ወተቱን ይቆርጠዋል።

ስኳር ሳይገባበት ምላሳችሁ ላይ ራሱ የሚጣፍጥ፣ ከዋጣችሁ በኋላም ጣፋጭነቱ የሚቆይ ሻይ ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ስቴቪያ የሚባል ቅጠል ወይም ሊኮሪስ የሚባል ሥር አለ። በሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግሊሲሪዚን ከስኳር ከ30 እስከ 50 እጥፍ ይጣፍጣል። ነገር ግን ሲበዛና ሲዘወተር የሰውነትን ፖታሲየም ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ጿሚ ለሆናችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የክሬም ሽታ ያለው ሁሉ ወተት አለበት ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ፓኮ ውስጥ ግን የነጭ ቸኮሌት ወይም የእርጎ ፍርፋሪ ይገኛል። አለርጂ ላለባችሁ ደግሞ፣ ለውዝና ገብስ የሚገባባቸውም አሉ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፓኮውን ገልብጣችሁ የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ የበዛው ነው። የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ አድማጮቼ ደግሞ ሊኮሪስ የሚለውን ስም ካያችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱትና ሌላ ምረጡ።