ጥያቄ የሚቀበለው ጠረጴዛ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው። «እኛ ፊደል የቆጠርነው ገና አሁን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። ነገ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እዚያ ይገባል። እናንተም ብትሆኑ ከመጻሕፍት ጋር ጉዳያችሁ ገና መጀመሩ ነው።

ወደማታውቁት ከተማ ብትሄዱ፣ የዘመዳችሁን ቤት እንዴት ታገኛላችሁ? ሰው ትጠይቃላችሁ። ትልቅ ቤተ መጻሕፍትም እንደ ከተማ ነው። መጻሕፍቱ በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። የሚፈልጉት በየትኛው ረድፍ እንዳለ ለእንግዳ ሰው አይታወቅም። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተቀመጠ፤ አዋቂ ሰውም ተቀመጠበት። ስሙ በፈረንጅ አፍ ሪፈረንስ ዴስክ ይባላል። እኛ የጥያቄ ጠረጴዛ እንበለው።

ጠረጴዛው ከጥንት የነበረ አይደለም። ድሮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ዋና ሥራው መጻሕፍት መጠበቅ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1876 ግን በአሜሪካ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ግሪን አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ሠራተኛው አንባቢን በፈገግታ ይቀበል፣ የሚፈልገውንም ያግዘው የሚል ነበር። በ1883 ደግሞ ሜልቪል ዱዪ የሚባል ሰው በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። እሱም ሥራቸው አንባቢን መርዳት ብቻ የሆነ ሰዎች መደበ። ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ።

ታዲያ ይህ ሰው ምን ይሠራል? አንድ ተማሪ መጥቶ «ስለ ቡና መጽሐፍ ስጠኝ» ይለዋል እንበል። ሠራተኛው ወዲያው መጽሐፍ አያነሣም። «ስለ ቡና ምኑን?» ይለዋል። «ስለ በሽታው።» «ቅጠሉን የሚያጠቃውን ነው ወይስ ፍሬውን?» «ፍሬውን።» አያችሁ? ጥያቄው ሰፊ ነበር፤ አሁን ጠበበ። ጥሩ ሠራተኛ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጥያቄውን ያጠራል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ኢንተርኔት ሲስፋፋ ነገሩ ተለወጠ። «የዚህ አገር ዋና ከተማ ማን ነው?» የሚለውን ዓይነት አጭር ጥያቄ ተማሪው ከስልኩ ያገኘዋል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ሰው በጣም ቀነሰ። ቦስተን አጠገብ ያለው የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግድም ጠረጴዛውን ተወው። ቀላሉን ጥያቄ አንድ ቦታ፣ ረጅሙን ምክር ደግሞ በሌላ ክፍል ማስተናገድ ጀመረ። ብዙዎችም በየፊናቸው ለወጡ። አንዳንዱ ጠረጴዛውን መጽሐፍ ከሚያውሰው ጋር አንድ አደረገው። ሌላው በቀጠሮ ወይም በስልክ ጽሑፍ ይመልሳል። ሠራተኞቹ ወደ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩበትም አለ።

ለውጡ ጥሩ ጎን አለው፤ ተማሪው ቤቱ ሆኖ ይረዳል። ግን ጉዳትም አለው። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ነው። ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባው የገበሬ ልጅ፣ የሚጠየቅ ሰው መኖሩንስ በምን ያውቃል? ጠረጴዛው ሲታይ «ና፣ ጠይቅ» የሚል ይመስላል። የማይታይ አገልግሎት ዓይን አፋሩን አይጠራውም።

ሌላም ነገር መጣ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እንደ ሰው አቀላጥፎ የሚመልስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በብዙ ሰው እጅ ገባ። ብዙ ይረዳል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ማንም ያልጻፈውን መጽሐፍ ስም ይሰጣል። ተማሪው ያንን ይዞ ይመጣል፤ ቢፈለግ ቢፈለግ የለም! ስለዚህ የሠራተኛው ሥራ አላለቀም። ድሮ መልስ የት እንዳለ ያሳይ ነበር። ዛሬ ከዚያ በላይ፣ የተገኘው መልስ እውነት መሆኑን እንዴት እንደሚመረምሩ ያስተምራል።

እንግዲህ ከዚህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ መጽሐፍ ወይም ወረቀት ስትፈልጉ ለምን እንደፈለጋችሁት ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ያነበባችሁትን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «የቤተ መጻሕፍቱን ሰው ፈልገህ ጠይቅ፣ አትፈር» በሉት። ሴት ልጅም ከሆነች እንዲሁ።

አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብለዋል። ጠረጴዛው ይነሣ ይሆናል፤ ጠያቂና ተጠያቂ ግን መገናኘት አለባቸው።